ቀይዋ፣ ግራጫዋ እና ድንጋዬ

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ መሪ ጨብጬ እንጀራ ስበላ አንድም ቀን ሳልፈራ ሞተር አስነስቼ አላውቅም። የሙያ ጓደኞቼ «ፈሪ ለእናቱ!» እያሉ ሲስቁብኝ፣ «ታዲያ እናቴ ምን ጎደለባት?» እላቸው ነበር። ከእነዚያ ሳቂዎች ሦስቱን ቀብሬያለሁ። ሦስቱም ደፋሮች ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ፍርሃቴ አንድ ምልክት ነበረው፤ ድንጋይ። ሰው ቤት ሳልቀጠር በፊት አሥራ አንድ ዓመት የነዳኋት አሮጌ ታክሲ የእጅ ፍሬን አልነበራትም። ማንሻው እንኳ ነበር፤ ቢስቡት ይሳባል፣ መኪናዋ ግን መንገዷን ትቀጥላለች። ካዛንቺስ ደግሞ ሜዳ ብርቅ የሆነበት ሰፈር ነው። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ታክሲ ነጂዎች ከወንበሬ ሥር ድንጋይ ይዤ እዞር ነበር፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ፣ የዳቦ ያህል የሚሆን ጥቁር ድንጋይ። ቁልቁለት ላይ ስቆም ወርጄ ከፊት ጎማ ፊት አስደግፋለሁ፤ ዳገት ላይ ከሆነ ከኋላው። ስነሳ አንስቼ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ሚስቴ «ከእኔ ይልቅ ለድንጋይህ ታስባለህ» ትለኝ ነበር። አልተሳሳተችም።

የኋላ ኋላ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ቤት ሾፌር ሆኜ ስቀጠር ድንጋዬንም ይዤ ገባሁ። የቤቱ ነጭ መኪና የእጅ ፍሬኗ ደህና ነበር፤ እኔ ግን አላመንኳትም። ነጋዴውን ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውን እትዬ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «ቲቸር» ትለኛለች። ድንጋዩን ሳስደግፍ ባየች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ቲቸር፣ በናትህ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ያሻውን ይበል። ፍሬን ይከዳል፣ ድንጋይ አይከዳም» እላታለሁ። «ደግሞ ስሚ፤ ስትነጂ ፍሬን ከከዳሽ አትጩሂ። ማርሽ ቀንሺ። ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ቀስ፣ ቀስ እያልሽ ሳቢ። ከቆመች በኋላ ድንጋይ ፈልጊ።»

ይህን እንደ ዳዊት አስደግሜያታለሁ። እየሳቀች ትደግምልኝ ነበር።

ለባቡሩ ተብሎ መስቀል አደባባይ በተቆፈረበት ዓመት ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስታዲየም አጠገብ ቢሮ ተቀጠረች። በዚያው ሰሞን ጋሼ ከዱባይ ሁለት የስፖርት መኪና አስመጡ። አንዷ ቀይ፣ የጃፓን ሥራ፤ አንዷ ግራጫ፣ የጀርመን። ሰፈሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከፍታቸውን ነው። ሁለቱም መሬት ላይ የተኙ ነበሩ፤ ጉልበቴ ከጣሪያቸው ብዙም አይርቅም።

ጋሼ ጠሩኝ። «አንዷን እሸጣለሁ። አንዷ የልጅቷ ናት፣ ለምርቃቷ» አሉኝ። «እኔ እንደሆነ ሆዴ ከመሪው ጋር ይጣላል፣ አልነዳቸውም። አንተ አንድ አንድ ሳምንት ንዳቸው። እሷ በምትሄድበት ሁሉ ሂድባቸው፤ ቢሮዋ፣ ገበያ፣ ላንቻ አክስቷ ቤት። አውራ ጎዳና ላይ ሲበሩ ማን ይበልጣል አላልኩህም። ለየቀኑ የምትሆነው የቷ ናት? አንተ ያልከው ይሆናል።»

ከግቢው ስወጣ እትዬ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ እኔ ስለ መኪና የማውቀው የለኝም» አሉኝ። «ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። የማትገድላትን ምረጥልኝ።»

«እሺ እትዬ» አልኳቸው። ያን ቀን «እሺ» ያልኩበት አፍ ዛሬም አብሮኝ አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት ግራጫዋን ነዳሁ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት። ወንበሯ እንደ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ደረቅ ነው፤ የካዛንቺስን ኮብልስቶን አንድ በአንድ ለአከርካሪዬ ታስቆጥረዋለች። ነገር ግን ሐቀኛ ናት። የረገጥኩትን ያህል ትሄዳለች፣ የረገጥኩትን ያህል ትቆማለች። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲመጣ አፍንጫዋን ከፍ የምታደርግበት ቁልፍ አላት፤ ማርሿን ራሷ ትለዋውጣለች፤ ስለዚህ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ብንቆም እግሬ አይዝልም። ሚኒባሶች ግራና ቀኝ ሲጠጉኝ እንደ ልማዴ ላብ ያጠምቀኛል፤ እሷ ግን አትደነግጥም። በሳምንቱ መጨረሻ ከእሷ ስወርድ ትንሽ እንዳዘንኩ አስታውሳለሁ።

ቀይዋ ሌላ ናት። ቆንጆ ናት፣ እሱን አልክድም፤ ወንበሯም ይመቻል። ግን ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፤ ከስታዲየም እስክመለስ ግራ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስትረግጣት መጀመሪያ ዝም ትላለች። ያልሰማችህ ይመስልሃል። ትንሽ ጨመር ስታደርግ በድንገት ትወረወራለች። ከፊትህ ባለው ሚኒባስና በአንተ መካከል ሁለት እርምጃ ቦታ ብቻ ሲኖር ይህ ጠባይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የነዳት ብቻ ነው። አፍንጫ የሚያነሣ ቁልፍ የላትም። ጉብታ በመጣ ቁጥር በአግድም፣ በአንድ ጎማ፣ በጸሎት ነው የምትታለፈው። በሁለተኛው ቀን ልቤ ቆርጦ ነበር። ግራጫዋ ለልጅቷ፣ ቀይዋ ለገበያ። አንድም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ነው የሆነው። ከኡራኤል ወዲህ ካለ አንድ ቁልቁለት ላይ ቆሜ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ ድንጋዬን አወጣሁና ከፊት ጎማዋ ፊት አስደገፍኩ። ዳቦዬን ይዤ ስመለስ ቀይዋ በሰው ተከባለች። አንዱ ተደግፏት ፎቶ ይነሣል፣ አንዱ ኮፈኗን በክርኑ ያሻል፣ የአንዷ ቦርሳ ብረት በሯን ሊቧጥጠው ነው። «ኧረ ባካችሁ! ኧረ የሰው ንብረት ነው!» እያልኩ ገፍቼ ገባሁ። ከመጫጫሯ በፊት ላምልጥ ብዬ አስነሳሁ፤ አልሄድ ስትለኝ ነዳጅ ጨመርኩ፤ በዚያ ጠባይዋ ተወረወረች።

ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ሆዷ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው።

አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልረሳሁትን ድንጋይ፣ የሰው ንብረት እንዳይጫጫር ብዬ ስርበተበት ረሳሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ትንሽ ርቄ ቆምኩና ተንበርክኬ ከሥሯ አየሁ። ከሆዷ ሽፋን ትንሽ ተቀዷል። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ተመስገን አልኩና ድንጋዬን ፈልጌ ሳላነሣ ሄድኩ። ልጨብጠው አስጠላኝ።

ዓርብ ጠዋት የቤቱ ጋራዥ ወለል ላይ የሽልንግ ያህል እርጥብ ነገር አገኘሁ። የአየር ማቀዝቀዣዋ ውሃ ነው አልኩ። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። ውሃ ጣት ላይ አያሟልጭም፣ አይሸትም። የፍሬን ዘይት ነበር።

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ደረጃውን ወጥቶ «ጋሼ፣ ይህን ይህን አድርጌያለሁ» ይላል። እኔ ግን የቤት ኪራይ ታየኝ፣ ሦስት ልጆቼ ታዩኝ፣ ተመልሼ የሰው ታክሲ ስለምን ታየኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ካዛንቺስ ያሉ መካኒኮች ሁሉ ደግሞ የጋሼ ወዳጆች ናቸው፤ ለአንዱ ባሳያት ከእኔ ቀድሞ ወሬው ቤት ይደርሳል። አንድ የሩቅ ሰፈር መካኒክ አውቃለሁ፤ ሰኞ ነው የሚመቸኝ አለኝ። እስከዚያ የፍሬን ዘይት ገዝቼ ጎደሎውን ሞላሁ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ጋሼ ጠሩኝ። ልጅቷም እትዬም ተቀምጠዋል።

«እህስ? የቷ ናት?»

ሌሊቱን ሳሰላው አድሬያለሁ። ግራጫዋን ካልኩ ቀይዋ ትሸጣለች። የምትሸጥ መኪና ደግሞ ገዥው መካኒክ ይዞ ይመጣል፣ ከሥሯ ይገባል፣ የተመታውን ያያል፣ ማን መታት ይባላል። ቀይዋ ቤት ከቀረች ግን ማንም ከሥሯ አይገባም። ሰኞ በጸጥታ አሳክማታለሁ፣ በቃ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

«ቀይዋ» አልኩ።

«ቀይዋ?»

«ለየቀኑ... ወንበሯ ይመቻል። ሞተሯ ከፊት ስለሆነ ለሴት ልጅ ትመቻለች።» ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

ልጅቷ ተነሥታ አጨበጨበች። እትዬ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ፣ «እስከ ማክሰኞ እንዳትነጂያት፣ ጎማዋን ላስተካክል ነው» አልኳት። «እሺ ቲቸር» አለችኝ።

በማግሥቱ እሑድ መኪናዋ ትመረቅ ተባለና እኔም ተጠራሁ። እትዬ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አምጥተው ኮፈኗን፣ በሮቿን፣ አራቱንም ጎማዎች ረጩ። «ከክፉ ይሰውርሽ፣ ወጥተሽ ግቢ» እያሉ ነበር፤ ለመኪናዋ ይሁን ለልጃቸው አላስታውስም። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከሥሯ ጠብ ጠብ የሚለው ጠበሉ ይሁን የፍሬን ዘይቱ መለየት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ እንዳልነካው ሁሉም ቆሟል። አጥሩን ተደገፍኩ።

ከዚያ ለምሳ ገባን። ጉርሻዬን ሳልውጥ የቀይዋ ሞተር ግቢ ውስጥ ጮኸ። በመስኮት ሳይ በሩ ተከፍቷል፣ እሷ ወጥታለች።

«የት ሄደች?»

«ላንቻ፣ አክስቷን ልታሳይ ነው» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «ደስታ አላስቀምጥ ብሏታል።»

ደወልኩ። አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ ቁልቁለት ነው። ከዚያ ወደ ላንቻ ሌላ ቁልቁለት አለ። የግራጫዋ ቁልፍ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ፣ የግራጫዋን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ቀይዋ ፍሬኗ ተጎድቷል። ሐሙስ ዕለት ድንጋይ ላይ ነድቻት ነው። ዘይት ታፈስሳለች። አውቅ ነበር።»

ጋሼ ለመነሣት ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ። የተነሡት እትዬ ናቸው። «ቁልፉን ስጠው!» ብለው ባላቸው ላይ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነጠላቸውን ሳይዙ፣ በቤት ጫማቸው ተከትለውኝ ወጥተው ከጎኔ ገቡ።

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። እሑድ ስለሆነ መንገዱ ነፃ ነበር። ግራጫዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዛው የቆየችውን ሁሉ ያን ቀን አወጣችው። በየመታጠፊያው የማየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጭነት መኪና ሥር የገባ ቀይ ቆርቆሮ። እዚህ ነው፣ አይ የሚቀጥለው ጋ ነው፣ እያልኩ ነው የሄድኩት። እትዬ የበሩን እጀታ ጨብጠው ማርያምን ይጠራሉ። አልሰደቡኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «ጠይቄህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያልተናገሩት ሁሉ ውስጤ ገባ።

መስቀል አደባባይ ስንደርስ ከቁፋሮው የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ብዙ ሰው ተሰብስቦ አየን። እትዬ «ልጄን!» ብለው በሩን ሊከፍቱ ሲሉ በእጄ ያዝኳቸው። ስንጠጋ ወደ ስታዲየም የሚሄዱ የኳስ ደጋፊዎች ናቸው፤ ይዘፍናሉ። አንዱ ግራጫዋን አይቶ አጨበጨበልን።

ተለዋጩን መንገድ ዞረን ወደ ላንቻ በሚወስደው ቁልቁለት ግማሽ ላይ ስንደርስ ቀይዋን አየኋት። ሁለት ጎማዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ቆማለች። ልጅቷ ጠርዙ ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። በሕይወት ናት። ከፊት ጎማው ፊት ከተቆፈረው መንገድ የመጣ ድንጋይ ተደግፏል።

«ቲቸር!» ብላ እየሮጠች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ፍሬኑ ከዳኝ። እግሬ ወለሉ ድረስ ገባ። ማለቴ፣ ምንም የለም! ከፊቴ አንዲት እናት ልጅ አዝላ እየተሻገረች ነው። ከዚያ ያንተ ድምፅ መጣልኝ። ሁለተኛ። አንደኛ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ፣ ቀስ። ከዚያ ድንጋይ ፈለግኩ። እስቅብህ ነበር እኮ! እማዬ፣ ይሄ ሰው ነው ያተረፈኝ።»

እትዬ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ። አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት፣ እውነቱን ለመናገር።

በማግሥቱ ጋሼ አሰናበቱኝ። አልጮኹም፤ ቀይዋን ለገዥ ሲያሳዩ የሆነውን ሁሉ በራሴ አፍ እንድናገር ብቻ አደረጉኝ። እትዬ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ፣ «እንዳትነግራት። አሁን ከነገርናት መሪ ዳግም አትይዝም፣ ሰውም አታምንም» አሉ። ለእሷ ታምሞ ነው የወጣው ተባለ። ግራጫዋን እሷ ወሰደቻት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ስልኬ ይጮኻል። «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ? ያተረፍከኝ ቀን ነው።» ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ልጆቼን በየስማቸው ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ትላለች። እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። እትዬ ሲያርፉ ቀብር ሄጄ ከሩቅ ቆሜ ተመለስኩ። ከቀብሩ በኋላ ጥሪው ይቀራል ስል አልቀረም፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ደወለች።

ዘንድሮ ስትደውል ሌላ ነገር ጨመረች። «ባሌ ሁለት መኪና አይቷል፤ አንዱን ልንገዛ ነው። ሁለት ልጆቼን የማመላልስበት ነው። አንተ ንዳቸውና ምረጥልኝ። ከአንተ ሌላ አላምንም።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ሁለት ልጆቼን» ነው ያለችው። «እመጣለሁ» አልኩ። «ከዚያ በፊት ግን... ስለዚያች ስለ ቀይዋ ያልነገርኩሽ አለ።» ድንጋዩን ነገርኳት። ዘይቱን ነገርኳት። ግራጫዋ እንደምትሻል እያወቅኩ ለምን ቀይዋን እንዳልኩ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ ተራው የእሷ ሆነ።

«እማዬ ሳታርፍ በፊት ነግራኛለች» አለች። «ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የደወልኩልህ ለምን መሰለህ? ከአፍህ እንድሰማው ነው።»

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ካዛንቺስ እንድመጣ ነገረችኝና ስልኩን ዘጋች።